ጥለት በጂንስ ጃኬት ላይ፦ ሳይሸበሸብ፣ ቀለሙ ሳይለቅ፣ አስተናጋጅ ሳያስመስል

ጥቁር_ክር፦
ሰላም ለሁላችሁ። የጂንስ ጃኬት ጀርባ ላይ ጥለት ማስገባት እፈልጋለሁ። ለበዓል አይደለም። ሰኞም ማክሰኞም የሚለበስ፣ ታክሲ ውስጥ የሚታሽ፣ ካምፓስ የሚውል ጃኬት ነው። ሦስት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ሽሮ ሜዳ የተሰቀለው ሁሉ በእጅ የተሸመነ አይደለም ይባላል፤ ሻጩን ሳልጠይቅ በምን ልለየው? ሁለተኛ፣ ከታጠበ በኋላ ጀርባው ለምን ይሸበሸባል? ሦስተኛ፣ ስንት ሜትር ልግዛ? እባካችሁ «ቲክቶክ ላይ እይ» አትበሉኝ። እዚያ የሚታየው የተጠናቀቀ ጃኬት እንጂ ስፌቱ አይደለም።

መርፌ_90፦
ከሁለተኛው ልጀምር፣ ብዙው ጃኬት የሚበላሸው እዚያ ስለሆነ። የሸማኔ ጨርቅ የሚሠራው ጠበቅ ተደርጎ በተወጠረ ድር (በቁመት የሚዘረጋው ክር) ላይ ነው። ከሽመናው ወርዶ ውሃ ሲያገኝ ውጥረቱ ይለቅና ክሩ ይሰበሰባል። ከመቶ 5 እስከ 10 ቢያጥር አይግረምህ። ጂንሱ ደግሞ ቀድሞ ብዙ ጊዜ የታጠበ ከሆነ ንቅንቅ አይልም። አንዱ እያጠረ ሌላው በቦታው ሲቀር መሀላቸው ያለው ስፌት ጂንሱን ይጎትተዋል። ያ ሽብሽቦ በካውያ አይወጣም፤ ፈትቶ እንደገና መስፋት ብቻ ነው።

ስለዚህ ጨርቁን ሳትቆርጥ እጠበው። መጀመሪያ የተቆረጡትን ጫፎች ኦቨርሎክ (ጠርዝ የሚይዝ የማሽን ስፌት) አስመታ፤ ያለዚያ ውሃ ውስጥ እየተተረተረ ሁለት ሦስት ጣት ይበላብሃል። ከዚያ በሌላ ቀለም ክር 40 ሳ.ሜ. የሚራራቁ ሁለት ምልክቶች በቁመት፣ ሁለት ደግሞ በወርድ ስፋበት። ጠመኔ አይሆንም፣ ይታጠባል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ዘፍዝፈህ፣ በለስላሳ ሳሙና አጥበህ፣ ሳትጠመዝዝ ጥላ ላይ አድርቀውና ለካ። ድገመው። 40 የነበረው በመጀመሪያው እጥበት 37.5፣ በሁለተኛው 37.3 ከመጣ ጨርሷል ማለት ነው። በሁለተኛው ወደ 36 ከወረደ ሦስተኛ ጊዜ እጠበው። አንዳንዱ ሰው «ለሚያጥረው ጨምሬ እቆርጣለሁ» ይላል። ሞኝነት ነው፤ በቁመትና በወርድ የሚያጥረው እኩል አይደለምና የጥለቱ ቅርጽ ይጣመማል።

ሽሮሜዳ_ዳር፦
ለአንደኛው ጥያቄ ገልብጠው። የታተመ ጥለት ጀርባው ነጭ ወይም የደበዘዘ ነው፤ ቀለሙ ከላይ ተቀብቶ ወደ ታች ያልደረሰ። የተሸመነ ጥለት ጀርባው የተዝረከረከ ነው። ሸማኔው ከዋናው ማግ (በወርድ የሚያልፈው ክር) ሌላ ባለቀለም ክር በጣቱ እየለቀመ ስለሚያስገባ፣ ክሩ ከአንዱ ቅርጽ ወደሚቀጥለው ሲሻገር ከኋላ ተዘርግቶ ይታያል፤ እዚህም እዚያም የተንጠለጠለ ጫፍ አለ። ፊቱ ያማረውን ሁሉ ከማድነቅ ጀርባው የተዝረከረከውን ፈልግ።

ቀጥሎ ከተቆረጠው ጫፍ አንድ የማግ ክር ምዘዝና ከተከረረበት በተቃራኒ አዙረው። የእጅ ፈትል እዚህ ወፈር እዚያ ቀጠን ያለ ነው፤ ከረሩ ሲፈታ እንደ ጥጥ ተበታትኖ ያለ ድምፅ ይበጠሳል።

ካልተማመንክ የመዘዝከውን ክር ከሱቁ ወጥተህ በክብሪት ለኩሰው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ ግራጫ ሆኖ በጣት ሲታሽ ይጠፋል። ፖሊስተር ይቀልጣል፣ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸታል፣ ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይቀራል። ሱቅ ውስጥ ክብሪት አትጫር፣ የተሰቀለው ሁሉ ቶሎ ይቀጣጠላል።

ጥቁር_ክር፦
ከጥለቱ የተመዘዘው ባለቀለም ክር ቢቀልጥስ? ሐሰተኛ ነው ማለት ነው?

ሽሮሜዳ_ዳር፦
አይደለም። መደቡንና ጥለቱን ለየብቻ ነው የምትፈትነው። በእጅ በተሸመነ ጥጥ ላይም ባለቀለሙ ክር ሰው ሠራሽ ሊሆን ይችላል፤ የሚያብረቀርቀው በተለይ። ድሩም የፋብሪካ ክር ሆኖ ታገኘዋለህ፤ ሲወጠር የእጅ ፈትሉ ቶሎ ስለሚበጠስ ነው ሸማኔው እሱን የሚመርጠው። ይህ ማጭበርበር አይደለም። ማጭበርበር የሚባለው በማሽን የታተመን ፖሊስተር «የሸማኔ ነው» ብሎ መሸጥ ነው። የታተመውም ቢሆን በስሙና በዋጋው ከተሸጠ ሰው እያወቀ ይግዛው፤ ለአንድ ቀን ፎቶ ከሆነ ምን ገዶት።

ድርና_ማግ፦
ልጆች፣ አንድ ነገር ዘለላችሁ፤ አቅጣጫውን። የሸማኔ ጨርቅ ወርዱ መወርወሪያውን በአንድ እጁ ወርውሮ በሌላው ከሚቀበልበት አያልፍም፣ ባብዛኛው ከአንድ ሜትር በታች ነው። የነጠላ ጥለት ደግሞ ከጫፍ ላይ ወርዱን ይዞ ነው የሚሄድ፤ ማለትም ጥለቱ ከማጉ ጋር ይጓዛል። ከትከሻ እስከ ትከሻ አግድም ብታስተኙት ድሩ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጨርቁም እንደ ተፈጥሮው ይንጠለጠላል። ከአንገት ወደ ወገብ በቁም ካደረጋችሁት ግን ጨርቁን ዘጠና ዲግሪ አዞራችሁት፤ ድሩ አግድም ሆነ። ሲታጠብም ሲሳብም ጠባዩ ሌላ ነው። በቁም የፈለገ ሰው ለሸማኔው ከመጀመሪያው «ለቁም ነው» ብሎ ይዘዝ፤ እሱ እንዴት እንደሚጥለው ያውቃል።

ጥቁር_ክር፦
ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። አግድም ነው የማደርገው። እንግዲያው ስንት ይበቃኛል?

ድርና_ማግ፦
የጃኬቱ የጀርባ ክፍል 42 በ24 ሳ.ሜ. ቢሆን፣ ወርዱ 80 ከሆነ ጨርቅ ግማሽ ሜትር ይበቃል፣ ከታጠበ በኋላም ይተርፋል። የተረፈውን እንዳትጥለው። ሲቀደድ የሚጣፈው ከዚያው ጨርቅ ነው፤ በዓመቱ ሄደህ ያንኑ ቀይ አታገኝም።

ኮልፌ_ልባሽ፦
ማንም ስለ ጃኬቱ ስላላወራ እኔ ላውራ። አዲስ ጂንስ አትግዛ። ልባሽ ተራ ሂድ። (ለንግድ ማስገባቱ የተከለከለ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፣ ከየቦንዳው ሲወጣም ሁላችንም እናያለን፤ እሱን ክርክር ሌላ ውይይት ላይ።) ልባሽ ጂንስ የሚመረጥበት ምክንያት ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሌላ ሰው አጥቦልሃል። የሚያጥረውን አጥሯል፣ የሚለቀውን ሰማያዊ ለቋል። አዲስ ጥቁር ሰማያዊ ጂንስ ላይ ነጭ መደብ ያለው ጥለት ብታስገባ በመጀመሪያው ዝናብ የስፌቱ ዙሪያ ሰማያዊ ይሆናል።

የውስጥ መለያውን አንብብ፤ 100 ከመቶ ጥጥ መሆን አለበት። ከመቶ 2 እንኳ ላስቲክ ያለው አይሆንም። ላስቲኩ ክንድህን ወደፊት ስትዘረጋ ጀርባህ ላይ ይሳባል፣ ጥለቱ ግን አይሳብም። ጉልበቱ ሁሉ ስፌቱ ላይ ያርፍና ክሩ ወይም የሸማኔው ጨርቅ ይቀደዳል። መለያው ከተቆረጠ ጀርባውን በሁለት እጅህ ይዘህ በአግድም ጎትት፤ ተለጥጦ ከተመለሰ መልሰህ ስቀለው። ከዚያ ብብቱን በብርሃን ተመልከት፣ ከሳሳ ተወው። ቁልፎቹን አትይ፣ ቁልፍ ይቀየራል።

ለዛ_ያለው፦
ሁሉም እሺ። ግን እውነቱን እናውራ፣ ጀርባም ጥለት፣ አንገትጌም ጥለት፣ የእጅጌው ጫፍም ጥለት፣ ኪሱም ጥለት ሲሆን ሰውየው የባህል ምግብ ቤት አስተናጋጅ ይመስላል። «ክትፎው ለብለብ ይሁን?» ሊል የመጣ።

ቀሚስ_ይበጣጠስ፦
@ለዛ_ያለው ሳቄን መለስክልኝ። ግን ትክክል ነህ፣ ምክንያቱም አለው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባለው ልብሱ ቀን ስላለው ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ለዚያ ቀን ይወጣል። ያኔ ሙሉ በሙሉ ጥለት መልበስ ያምራል፤ ሰዉ ሁሉ እንደዚያው ነው። ሰኞ ጠዋት ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ስትቆም ግን ሁለመናህ ጥለት ከሆነ «ዛሬ ምን በዓል ነው?» ትባላለህ። ወጣቱ እያደረገ ያለው ይህንን ቀን መቀየር ነው፤ ጥለቱን ከበዓል አውጥቶ ወደ አዘቦት ማምጣት። የአዘቦት ልብስ ደግሞ ብዙ አያወራም። አንድ ቦታ ይበቃል። ጀርባው ላይ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ ለባሹ ራሱን አያየውም፣ ከኋላው የሚሄደው ነው የሚያየው።

ቦታ ስትመርጡ የሚታሸውን አስቡ። ክርን፣ ብብት፣ የኪስ አፍ፣ የቦርሳ ማንገቻ የሚያርፍበት ትከሻ፣ እነዚህን ተዉ። ጥለቱ ከላዩ የተዘረጋ ክር ስለሆነ ጥፍርም ዚፕም ይይዘዋል። በወርቃማና ብርማ ክር የተሠራውን ሙካሽ ለጃኬት አትጠቀሙ፤ ማንገቻ ሲያሸው ላዩ ይላጥና ውስጡ ያለው ክር ይታያል።

መርፌ_90፦
ማንገቻውን ጥሩ አነሳሽው። ሁለት ማንገቻ ያለው የጀርባ ቦርሳ የሚይዝ ተማሪ ከሆነ ጥለቱን ከትከሻው ስፌት 6 ሳ.ሜ. ዝቅ አድርጎ ያስጀምር። ቦርሳው ጀርባውን መሸፈኑ አይቀርም፣ ለዚያ መፍትሔ የለኝም።

ሠርግ_በየሳምንቱ፦
ለቀለሙ ቀላል ነው፤ ጨውና ኮምጣጤ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ ዘፍዝፉ፣ ቀለሙን ይይዛል።

መርፌ_90፦
ይህ ምክር ከየት እንደመጣ ይገባኛል፣ ግን አይሠራም። ጨው የሚረዳው ክሩ በሚነከርበት ጊዜ ነው፤ ቀለሙ ከውሃው ወደ ጥጡ እንዲገባ ይገፋዋል። ነክሮ ካለቀ በኋላ የላላውን ቀለም አያጣብቅም። ኮምጣጤም የሚጠቅመው ለሱፍና ለሐር ቀለም ነው እንጂ ለጥጥ አይደለም። የላላ ቀለም መውጣቱ ካልቀረ ከመሰፋቱ በፊት ይውጣ፣ ይኸው ነው።

ፈተናው ይህ ነው። ነጭ ጨርቅ በውሃ አርጥበህ ቀዩ ጥለት ላይ አስር ጊዜ እሸው። ጨርቁ ሮዝ ካልሆነ ሰላም ነው። ሮዝ ከሆነ ብቻውን በቀዝቃዛ ውሃ፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስ እየቀየርክ አለቅልቀው። አራት አምስት ውሃ በኋላም ደም ከመሰለ መልሰህ ስጠው፤ ጃኬት አይሆንም። እርጥቡን አጣጥፈህ አታስቀምጥ፣ ቀዩ ነጩ ላይ የሚያትመው ውሃው ውስጥ ሳለ ሳይሆን ታጥፎ ሲቆይ ነው። በረኪና የሚባል ነገር አጠገቡ አይድረስ፤ ጥጡን ያደክማል፣ ቀለሙን ይበላል።

ጨንቻ_ደጋ፦
ስለ ጥለት ብቻ ነው የምታወሩት፤ ዱንጉዛስ (ባለመስመሩ የደቡብ የሸማኔ ጨርቅ)? አሁን ከተማው ውስጥ ኮፍያውም፣ ኮቱም፣ ኮፍያ ያለው ሹራቡም ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ሆኗል። ወላይታም ጋሞም የኔ ይለዋል፣ ሁለቱም ለማለት ምክንያት አላቸው፣ እዚህ ላይ አንጣላ። ለሚያሰፋ ሰው ግን ሁለት ነገር ይወቅ።

ጥቁሩ ከቢጫው ጎን ለጎን ነው ያለው። መርፌ_90 የጻፈው የነጭ ጨርቅ ፈተና ለቀዩ ብቻ ሳይሆን ለጥቁሩም ይሠራ፤ ጥቁር ከለቀቀ ቢጫው አረንጓዴ መሳይ ቆሻሻ ቀለም ይይዛል፣ ተመልሶም አይነጻም።

ሁለተኛው መስመሩ ነው። ከፊት የሚከፈት ጃኬት ላይ የግራው መስመር ከቀኙ ጋር ዚፑ ላይ መገናኘት አለበት። ልብስ ሰፊው ሁለቱን የፊት ክፍሎች አንድ ላይ ደርቦ ከቆረጠ የታችኛው ጨርቅ ይንሸራተትና አንድ ጣት ይወርዳል። አንዱን ብቻ ቁረጥ፣ የተቆረጠውን ገልብጠህ ባልተቆረጠው ላይ መስመር በመስመር አስተካክለህ ሰካ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ቁረጥ። ለዚህ ሩብ ሜትር ያህል ትርፍ ጨርቅ ይሄዳል። ልብስ ሰፊው «ይህን ያህል ለምን?» ካለህ ሌላ ሰው ፈልግ።

ጥቁር_ክር፦
የደቡብ ሰው ያልሆነ ዱንጉዛ ቢለብስ ቅር ይላችኋል?

ጨንቻ_ደጋ፦
ማን ቅር ይለዋል? ሸማኔው ይሽጥ እንጂ። ሴቶቹ የፈተሉት፣ ወንዶቹ የሸመኑት ገበያ ሲያገኝ ደስ ነው የሚለው። ቅር የሚለው ሌላ ነው። ሰው ለብሶት «ይሄ ምንድነው?» ሲባል «ዲዛይን ነው» ሲል። ስሙን በል፣ ዱንጉዛ በል። ሌላው ደግሞ ሸማኔው ጋ ሄዶ እንደ ጎመን ተከራክሮ የገዛውን ጨርቅ ኮት አሰፍቶ በስሙ ሲቸበችበው ነው።

አቧሬ_ቴሌግራም፦
ከቴሌግራም ለሚገዙ ባጭሩ፦ የፊቱን ፎቶ አትመኑ። የጥለቱን ግልባጭ የሚያሳይ ቪዲዮ በቀን ብርሃን ጠይቁ፣ ሜትር ተዘርግቶበት። «ኤል» «ኤክስኤል» የሚል መልስ አትቀበሉ፤ የደረት ወርድ፣ የትከሻ ወርድ፣ የእጅጌ ቁመት በሳ.ሜ.። በቡድን የምታዝዙ ከሆነ (ለኢሬቻ፣ ለምርቃት፣ ለሚዜ) የሁሉም ክር በአንድ ቀን ይገዛ። በሁለት ዙር የተነከረ ቀይ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሱቅ ውስጥ አይታይም፣ አስር ሰው ፀሐይ ላይ ሲሰለፍ ነው የሚታየው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
ከአሜሪካ ለምታዝዙ፣ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው መለኪያው ነው። እዚህ ሜትሩ ኢንች ነው። «ትከሻ 18» ብሎ ብቻ የላከ ሰው 45.7 ሳ.ሜ. ማለቱ ነበር፤ እዚያ ያለው ልብስ ሰፊ ግራ ይገባውና ራሱ ይገምታል፣ ግምቱ ደግሞ ሁልጊዜ ጠባብ ነው። ቁጥሩ ጎን «ሳ.ሜ.» ጻፉ። ደግሞ ሰውነታችሁን አትለኩ፤ ልክ የሆነላችሁን ጃኬት ጠፍጣፋ ላይ ዘርግታችሁ እሱን ለኩ።

ሁለተኛው ማድረቂያ ማሽኑ ነው። የኢትዮጵያ ልብስ ሰፊ በእጅ ታጥቦ ገመድ ላይ ይሰጣል ብሎ ነው የሚሰፋው። ማድረቂያ ውስጥ አንድ ዙር የገባ የሸማኔ ጨርቅ፣ ቀድሞ ሁለት ጊዜ ታጥቦ እንኳ፣ ከሙቀቱና ከመንከባለሉ የተነሳ እንደገና ይሰበሰባል። ሰው ሠራሹ የጥለት ክር ደግሞ አይሰበሰብም፣ ያብጣል፤ ጥለቱ እንደ ተቀቀለ ሩዝ ይነፋል። ገልብጦ በቀዝቃዛ፣ በመረብ ከረጢት፣ ከዚያ ወንበር ላይ ማንጠልጠል።

ነታንያ_ማዶ፦
እዚህ እስራኤል ውስጥ ወጣቱ በጃኬት ሳይሆን በቲሸርት ነው የጀመረው። ሲግድ (የቤተ እስራኤላውያን በዓል) እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ ብሔራዊ በዓል ከሆነ ወዲህ ትምህርት ቤትም ሠራዊትም ውስጥ ያለው ልጅ ለዚያ ቀን የሚለብሰው ይፈልጋል። የእናቶቹን ሙሉ ቀሚስ አይለብስም፤ አንገቱ ላይ ጥለት ያለው ነጭ ቲሸርት ይለብሳል፣ አንዳንዱ የዳዊት ኮከብ ያስገባበታል።

ችግሩ የቲሸርት ጨርቅ ይለጠጣል። ኮልፌ ስለ ላስቲክ ያለው እዚህ በእጥፍ ይሠራል። አንገቱን ዙሪያውን በጥለት ከዘጋችሁት ጭንቅላት አያስገባም። ከፊት በኩል 14 ሳ.ሜ. ያህል ወደ ታች ቅደዱትና ጥለቱን በቅዱ ግራና ቀኝ ብቻ ስፉ፤ የኋላው አንገት የራሱ ይቅር። ከመስፋታችሁ በፊት ቲሸርቱ ውስጥ በካውያ የሚለጠፈውን ስስ ማጠንከሪያ ለጥፉ፣ ከጥለቱ በየጎኑ 1 ሳ.ሜ. ሰፋ አድርጋችሁ። ያለ እሱ ደረቱ እንደ ማዕበል ይሆናል።

ለዛ_ያለው፦
ከጃኬቱ ጋር ምን ጫማ ይደረግ? በረባሶ እንዳትሉኝ ብቻ።

ኮልፌ_ልባሽ፦
በረባሶ ምን ሆነ? ሶልሬብልስ የሚባለው የጫማ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ዘነበወርቅ ላይ ሲጀመር የያዘው ሐሳብ ይኸው የጎማ ሶል ነው፤ ውጭ አገር ድረስ ተሸጧል። ችግሩ በረባሶው ሳይሆን ካልሲው ነው።

ጥቁር_ክር፦
እሺ፣ እቅዴን ላስቀምጥና አርሙኝ። ልባሽ ጂንስ ጃኬት፣ 100 ከመቶ ጥጥ። የጀርባው ክፍል ከስፌት እስከ ስፌት 42 በ24 ነው። ግማሽ ሜትር የነጠላ ጥለት፣ ሁለት ጊዜ አጥቤ፣ ቀለሙን ፈትኜ፣ 44 በ26 እቆርጣለሁ። የጃኬቱን ጂንስ ቆርጬ አወጣና ጥለቱን በቦታው እሰፋዋለሁ። ኪስና አንገትጌ አልነካም።

መርፌ_90፦
ሁለት እርማት። 44 በ26 ማለት በየጎኑ 1 ሳ.ሜ. ለስፌት ተውክ ማለት ነው። ለፋብሪካ ጨርቅ ይበቃል፣ ለሸማኔ ጨርቅ አይበቃም፤ ሽመናው ላላ ስላለ ከስፌቱ ይንሸራተታል። በየጎኑ 2 ተው፣ 46 በ28 ቁረጥ፣ ወዲያው ኦቨርሎክ አስመታው።

ሌላው፣ ጂንሱን ቆርጠህ አታውጣ። እንዳለ ተወውና ጥለቱን ከላዩ ላይ አስቀምጥ፤ ጠርዙን ዙሪያውን 2 ሳ.ሜ. ወደ ውስጥ እጠፍ፣ በእጅ ወስውሰው፣ ከዚያ ከዳሩ 3 ሚ.ሜ. ገባ ብለህ በማሽን ዙሪያውን ስፋ። ጂንሱ ከኋላው ገበር ይሆነዋል፤ ክብደቱን የሚሸከመው እሱ ነው እንጂ ጥለቱ አይደለም። መርፌው ቁጥር 90፣ የስፌቱ እርምጃ 3 ሚ.ሜ.፣ ክሩ ፖሊስተር። አራቱ ስፌት የሚደራረብበት ማዕዘን ላይ ማሽኑን በእጅህ እያዞርክ እለፍ፤ በሞተር ከሮጥክ መርፌው እዚያ ይሰበራል።

ካውያ ከጃኬቱ ውስጥ በኩል ብቻ፣ መካከለኛ ሙቀት፣ ስስ ጨርቅ ጣልቃ አስገብተህ።

ጥቁር_ክር፦
ወስውሶ ማለት ሰፋ ሰፋ አድርጎ በእጅ መያዝ ነው አይደል? በስፒል ብይዘውስ?

መርፌ_90፦
አዎ፣ በየ2 ሳ.ሜ. አንድ ጊዜ። ስፒል የላላውን ጨርቅ ከፍ ከፍ ያደርገዋል፣ የማሽኑ እግር ደግሞ የላይኛውን ወደፊት ይገፋዋል፤ አራተኛው ጎን ላይ ስትደርስ አንድ ጣት የሚሆን ትርፍ ጨርቅ ይጠብቅሃል። ወስውሰው። ከመሀል ጀምር፣ ወደ ዳር ሂድ።